ካባው ጓሯችን ሲደርስ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱንን ደብዳቤዎችና የቴሌግራም መልእክቶች ስናገላብጥ ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ሆነው አገኘናቸው፤ ስለ ድንጋይ ካባ። ከሱሉልታ በኩል አለ፣ ከሰንዳፋ መንገድ አለ፣ ከፉሪ፣ ከገላን፣ ከአቃቂም አለ። አዲስ አበባ የምትገነባበት ድንጋይ ከየት እንደሚመጣ ማየት የፈለገ ሰው ጠዋት እነዚህ መውጫዎች ላይ ቆሞ የሚገባውን ሲኖትራክ ይመልከት። ሌላውን ጥያቄ (የኮንዶሚኒየም ጎረቤት ጠብ፣ የእድር ቅጣት) ለሚቀጥለው አቆይተን ዓምዱን ለዚህ ሰጥተናል። የጠያቂዎቹን ስምና ቀበሌ አልጻፍንም። አንዳንዶቹ ራሳቸው አትጻፉብን ብለዋል፤ ያላሉትም ቢሆን ሳይጻፍ ይሻላቸዋል።

«ጤና ይስጥልኝ። ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። ከገላን ወዲያ ገበሬ ነኝ። ከቤታችን በላይ ኮረብታ አለ፣ ቁጥቋጦ ነው። አጋም፣ ቀጋ፣ ክትክታ፣ ጥቂት ግራርና ወይራ አለበት። ከብት እናሰማራበታለን፣ ሴቶቹ ጭራሮ ይለቅሙበታል፣ ቀፎ እንሰቅልበታለን፣ ከሥሩም ምንጭ አለ። በወዲያኛው ጎን ካባ ከተከፈተ ቆይቷል። ትንሽ ስለነበረ ዝም አልን። አሁን ኤክስካቫተሩ ጫፉን አልፎ ወደኛ ዞሯል። ስንጠይቅ ‹ፈቃድ አለን› ይሉናል። ቀበሌ ብንሄድ ‹ባዶ መሬት ነው፣ እርሻችሁ አልተነካ› ተባልን። ምን ይሻለናል?»

አባቴ፣ «ፈቃድ አለን» ካሉ ጥሩ ነው። «እንግዲያው አሳዩን» ይበሏቸው።

የካባ ፈቃድ እንደ እርሻ ይዞታ ወሰን አለው። ከፈቃዱ ጋር ካርታ አለ፣ ካርታው ላይ የማዕዘኖቹ ነጥቦች በቁጥር ተጽፈዋል፣ መቆፈር የሚቻለውም በነዚያ ነጥቦች መካከል ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ያለ ፈቃድ መቆፈር ነው፣ ባለቤቱ የፈለገውን ያህል ማኅተም በኪሱ ቢይዝም። ካባ «ዛሬ ሰፋሁ» ብሎ አይናገርም። ዛሬ አንዲት ግራር ትወድቃለች፣ ነገ ለማሽኑ ጥርጊያ መንገድ ይወጣል፣ ከነገ ወዲያ የተገፈፈው አፈር ግጦሹ ላይ ይከመራል፣ ሰዉም ወሰኑ የት ጋ እንደሆነ ስለማያውቅ «አለፋችሁ» የሚል አይገኝም። የእኔ ምክር በሙሉ ከዚህ የሚነሳ ነው፤ ከሁሉ በፊት ወሰኑን ይወቁ።

ፈቃዱን ማን ሰጠው? በ2002 ዓ.ም የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ (ቁጥር 678) ለሀገር ውስጥ ባለሀብት የግንባታ ድንጋይ ፈቃድ መስጠትን ለክልሎች ነው የተወው። ስለዚህ ፌዴራል ሚኒስቴር ደጃፍ ላይ ወረፋ መያዝ ብዙም አያዋጣም። የእናንተ አካባቢ ደግሞ አንድ ጣጣ አለበት። ገላን ዛሬ ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከለገጣፎ ጋር ሸገር ከተማ ውስጥ ነው፤ ኦሮሚያ ማለት ነው። ማዶ ያለው አቃቂ ቃሊቲ አዲስ አበባ ነው። የሁለቱ ወሰንም በ2014 ዓ.ም መጨረሻ ላይ እንደገና ተካልሏል። ኮረብታው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳያጣሩ ከሄዱ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየላከዎት ክረምቱ ያልፋል፣ ማሽኑ ግን አይጠብቅም። ኦሮሚያ ከሆነ ማመልከቻውን በኦሮምኛ ያስጽፉት። የቢሮው የሥራ ቋንቋ ነው፣ «አስተርጉማችሁ ኑ» የሚለውም ሰበብ ይቀራል።

ከዚያ ሁለት ወረቀት ይጠይቁ። አንደኛው ፈቃዱ ከነካርታው ነው። ሁለተኛው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ጥናቱ ነው። በ1995 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ጥናት የሚያስፈልገው ሥራ ጥናቱ ሳይጸድቅ እንዳይጀመር ይከለክላል፤ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትም ይህን ሳያረጋግጥ እንዳይሰጥ ያስገድዳል። ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት፣ ጉዳት ሊደርስበት የሚችለው የአካባቢ ሰው የሰጠው አስተያየትም ሊካተትበት ይገባል። ሲያገኙት መጀመሪያ «ከኅብረተሰቡ ጋር ምክክር ተደርጓል» የሚለውን ገጽ ይፈልጉ። ማን ፈረመ? መቼ? የት ተሰብስቦ? የመንደሩን ሰው ስም ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቀጥሎ ጥናቱ የትኛውን ጎን እንዳጠና ይዩ። የድሮው ጥናት የድሮውን ስፋት ብቻ ያየ ከሆነ፣ ወደ እናንተ የዞረውን ሥራ የትኛው ወረቀት ሸፈነው?

«አንሰጥም» ካሉ በ2000 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 አለ። መረጃ በጽሑፍ ከጠየቁ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ እምቢ ካለ አቤቱታው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። ታዲያ በቃል ጠይቆ መምጣት አይቆጠርም። መዝገብ ቤት ያስገቡ፣ የገቢ ቁጥርና ቀን ቅጂው ላይ ያስጽፉ፣ ቅጂውን ቤት ያስቀምጡ። የቢሮው ሰውዬ ወዳጅዎ ቢሆንም እንኳ። በተለይ ወዳጅዎ ከሆነ።

አሁን የልጅ ልጅዎን ላናግር። ስልክህን ይዘህ ካባው ዳር ድረስ ሂድ (ድማሚት በማይተኮስበት ሰዓት፣ ሠራተኞቹንም አስፈቅደህ) እና የቆምክበትን ነጥብ መዝግብ። ከዚያ ከፈቃዱ ቁጥሮች ጋር ከማስተያየትህ በፊት አንድ ነገር ልብ በል። የሀገራችን ካርታዎች ብዙዎቹ የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው። ስልክህ የሚሰጥህ ግን ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ነው። በሁለቱ መካከል ወደ 200 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። ይህን ሳታውቅ «150 ሜትር አልፈዋል» ብለህ ብትከስ የእነሱ ቀያሽ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያፈርስሃል፣ ከዚያ በኋላ እውነት ብትናገርም የሚሰማህ የለም። ቀያሽ የሆነ ሰው ቁጥሩን ይለውጥልህ፣ ሥራው ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። በነጻ የሚገኘው ጉግል ኧርዝ ደግሞ ያለፉትን ዓመታት የሳተላይት ፎቶ ያሳያል። የዛሬ አምስት ዓመት ካባው የት ነበር፣ ዛሬ የት ደረሰ የሚለውን አትመህ ከማመልከቻው ጋር አያይዘው። አንድ ሥዕል ያልተያያዘበትን የሦስት ገጽ ሮሮ ማንም አያነብም።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ወሰን አልፈው ከተገኙ፣ ወይም ባያልፉም ምንጩንና ቁጥቋጦውን እያጠፉ ከሆነ፣ አቤቱታው የሚገባው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ነው። ስለ ብክለት ቁጥጥር የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 አንቀጽ 11 ጥሩ በር ይከፍታል። አቤት የሚለው ሰው «እኔን በግሌ ነክቶኛል» ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ማንም ሰው ማመልከት ይችላል። ስለዚህ «እርሻችሁ አልተነካ» ያለዎት የቀበሌ ሰው እዚህ ላይ መልስ የለውም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካልተዋጠላችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። 60ውን ቀን ግድግዳ ላይ ይጻፉት፤ በሽምግልናና በ«ነገ ኑ» ያለቀበት ሰው ብዙ ነው።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ነገር ልምጣ፣ ወደ «ባዶ መሬት» ነገር። ያ ኮረብታ በመዝገብ ላይ የማን ነው? እርሻችሁ አረንጓዴ ደብተር ይኖረዋል። የጋራ ግጦሹና ቁጥቋጦውስ? የገጠር መሬት ሕጉ የወል ይዞታ የሚባል ነገር ያውቃል፤ ተለክቶ ተመዝግቦ በማኅበረሰቡ ስም የምስክር ወረቀት ሊሰጠው ይችላል። ያልተመዘገበ የወል መሬት ግን ቢሮ ለተቀመጠው ሰው ካርታ ላይ ነጭ ቦታ ነው፣ ድንጋይ ለሚፈልግ ሰውም ከዚያ የሚቀል የለም፤ ካሳ የሚጠይቅ ስም የለበትማ። ካባው ባይመጣ እንኳ ይህን ማስመዝገብ ይገባችሁ ነበር። አሁንም አልረፈደም፣ ገና ያልተነካውን ጎን አስለኩ። ሲያስለኩ ምንጩን፣ ቀፎ የሚሰቀልበትን፣ ወይራዎቹን ሁሉ በዝርዝር ያስጽፉ። ወይራና ግራር ቆርጦ ድንጋይ አውጥቶ «መልሰን እንተክላለን» የሚል ሁሉ የሚተክለው ባሕር ዛፍ ነው፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ ለምንጭ እንደዚያ አይሆንም።

ስለ ምንጩ የአቃቂን ነገር ያስታውሱ። አዲስ አበባ ብዙ ውሃዋን የምትስበው ከአቃቂ የጉድጓድ ውሃ ነው። ያ ውሃ የተጠራቀመው በተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይና ቀዳዳ በበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ነው። ዝናቡን የሚቀበለው፣ የሚያጣራውና የሚያስቀምጠው ራሱ ድንጋዩ ነው። እናንተ አካባቢ የሚፈለገውም ይኸው ድንጋይ ነው። ጥናቱ ውስጥ ስለ ምንጩ የተጻፈ ነገር ከሌለ ይህን አንስታችሁ ተከራከሩ።

በመጨረሻ፣ «ካባው ይዘጋ» ብላችሁ አትሂዱ። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፣ የማይስማማ ይኖራል። የቆየውን ካባ ማዘጋት ሰፊ ጦርነት ነው፣ ግማሹ መንደርም እዚያ ይሠራል። «ከጫፉ ወዲህ አይምጣ፣ ከምንጩ ይራቅ፣ ወሰኑ ላይ የሚታይ የድንበር ምልክት ይተከል» የሚል ጥያቄ ግን ለቢሮውም ለመፈረም ይቀላል።

«ገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ከግቢያችን ወዲያ ድማሚት ይተኮሳል። ልጆቹ ይደነግጣሉ፣ አንዴ ፍንጣሪ ድንጋይ ጣራ ላይ ወድቋል። የሁለት ክፍል ግድግዳ ተሰነጠቀ። ኃላፊዎቹ ‹መሬታችሁ ጥቁር አፈር ነው፣ ከኛ አይደለም› አሉን። እውነት ነው?»

እህቴ፣ ግማሽ እውነት ነው፣ የሚያስቸግረውም እሱ ነው። በእናንተ በኩል ያለው መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቤትም አብሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ስንጥቁን ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ ይከራከሩሻል።

ያልተሰነጠቁትን ክፍሎች ዛሬውኑ ፎቶ አንሺ። እያንዳንዱን ግድግዳ፣ ከነማዕዘኑ፣ የዕለቱን ጋዜጣ ወይም ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት አጠገቡ አስቀምጠሽ። ያሉት ስንጥቆች ላይ በሁለቱም ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጊና ቀን ጻፊ። ድማሚት በተተኮሰ ቁጥር ሰዓቱን መዝግቢና ምልክቱን ዳግመኛ እዪ። በአፈር ምክንያት የሚመጣ ስንጥቅ ከወቅት ጋር ነው የሚሄደው፤ በበጋ መካከል ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በድንገት አይረዝምም። መዝገቡን ተማሪዎችሽ ሊይዙት ይችላሉ፣ የሳይንስ ትምህርትም ይሆናቸዋል። ከካባው በኩል ደግሞ የንዝረት መለኪያ ውጤትና የተኩስ መዝገብ ጠይቂ። በሥርዓት የሚሠራ ካባ በየተኩሱ ስንት ኪሎ ፈንጂ በስንት ጉድጓድ እንደተጠቀመ ይጽፋል። የለንም ካሉ የለንም ማለታቸውን በጽሑፍ ያዢ።

ሕጉን በተመለከተ፣ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2069 ለእናንተ የተጻፈ ይመስላል። ፈንጂ በመጠቀም ወይም የመሬቱን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ለተለየ አደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አደጋው ከደረሰ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። «ጠንቅቀን ነው የተኮስነው» ማለት አያድነውም። ግን ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ ከዚያ በይርጋ ይታገዳል። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ከሆነ ከሳሹ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ነውና ርዕሰ መምህሩን ከአሁኑ አስገቢው።

የፍንጣሪውን ነገር ግን ለፍርድ ቤት አታቆዪው። ጣራ ላይ የወደቀ ድንጋይ ልጅ ላይ ሊወድቅ ይችል ነበር። ነገ ጠዋት ወላጆችን፣ ቀበሌውንና ፖሊስን ይዛችሁ ሦስት ነገር አስፈርሙ፦ ተኩስ ትምህርት ባለቀበት ሰዓት ብቻ ይሁን፣ ከተኩሱ በፊት ፊሽካና ቀይ ባንዲራ ይኑር፣ መንገዱም ይዘጋ። ይህን እምቢ የሚል ካባ ካለ ድማሚቱን የፈቀደለት የጸጥታ አካል ይስማ።

«ሰላም ነው? እኔ ካባ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ክሬሸር (ድንጋይ መፍጫው) ላይ። 22 ዓመቴ ነው። መንደራችን ‹ሀገር የምታፈርሱ› እያለ ይሰድበናል። እናንተም የነሱን ብቻ ነው የምትጽፉት። እኛ ምን እንብላ? ሌላ ደግሞ፣ ሳል ይዞኛል። ወተት እየጠጣሁ ነው፣ ይለቀኛል?»

ወንድሜ፣ አይለቅህም። ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፣ አቧራው ሳንባ ውስጥ ነው። መንገዳቸው አይገናኝም። ይህ ነገር በቀለም ቤትም፣ በሲሚንቶም፣ በካባም የተለመደ ነው፤ አንዳንድ አሠሪም ወተት ገዝቶ ሲሰጥ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። ወተቱ ጥሩ ምግብ ነው፣ ጠጣው። ለሳሉ ግን ጤና ጣቢያ ሂድ። ካባ እንደምትሠራ ንገራቸው፣ ካልነገርካቸው አይጠይቁህም። አክታህን ለቲቢ ይመርምሩ፣ ራጅም ይታይ።

የድንጋይ አቧራ ውስጥ ሲሊካ አለ። ዓይን የማያየው ደቃቁ ነው የሚጎዳው። ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ይተዋል፣ በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፣ ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። የያዘውን ሰው ደግሞ ቲቢ በቀላሉ ያገኘዋል። ድንጋዩም ዓይነት አለው። ከአቃቂ በኩል የሚወጣው ጥቁሩ ባዞላ የዚህ ክፉ ሲሊካ መጠኑ ዝቅተኛ ነው። ነጣ ያለው፣ እሳተ ገሞራ አመድ ሆኖ የጠጠረው ድንጋይ ላይ ከሆንክ የበለጠ ተጠንቀቅ። ባዞላ ነው ብለህም አትዘናጋ፤ ቀኑን ሙሉ የሚቃም አቧራ ማንኛውም ቢሆን ሳንባ አይወደውም።

ፊትህ ላይ የምትጠመጥመው ሻሽ ትልቁን እንጂ ደቃቁን አያግድም። ኤን 95 የሚባለው ጭምብል ይሻላል፣ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ውሃ ነው። ክሬሸሩ አፍ ላይና ማጓጓዣው ላይ ውሃ የሚረጭ ቧንቧ ከተገጠመ አቧራው ከምንጩ ይሞታል፤ ለአንተም፣ ከታች ላለው የጎመን ማሳም፣ ለሚሰድቡህ ጎረቤቶችም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156) የመከላከያ ዕቃ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል። በማኅበር ተደራጅታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን አሠሪውም ሠራተኛውም እናንተ ናችሁ፣ ስለዚህ ከክፍፍሉ በፊት የውሃና የጭምብል ገንዘብ አውጡ። ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ደግሞ ከዚያ አስወጡልኝ። እንዳሉ አውቃለሁ።

ስለ ስድቡ። «ምን እንብላ» ማለትህ ትክክል ነው፣ የማይበላ ሰው ስለ አጋምና ቀጋ አያወራም። ግን አንድ ነገር አንተ ታውቃለህ፣ ሰፈርህ ግን አያውቅም፦ ማሽኑ ዛሬ የት እንደደረሰ። ወሰኑ የት ነው ብለህ ፎርማኑን ጠይቀው። ብትጠይቅ ነውር የለውም። ወሰን የሌለው ካባ አንተንም ቶሎ ነው የሚያባርርህ፤ ቀላሉን ድንጋይ ልጦ ልጦ ወደ ቀጣዩ ኮረብታ ይሄዳል፣ በደንብ በእርከን የሚወርድ ካባ ግን አንድ ቦታ ላይ ረጅም ዘመን ይሠራል።

«ባለቤቴ አርፎ ልጆች ይዤ ቀርቻለሁ። አንድ ደላላ መጥቶ መሬትሽን ለካባ አከራዪ፣ ከጤፍ አሥር ዓመት የማታገኚውን በአንዴ እሰጥሻለሁ አለኝ። ፈርሜ ልገላገል?»

እትዬ፣ አይፈርሙ። ቢያንስ ዛሬ አይፈርሙ።

እርሻ ሲያከራዩ መሬቱ ይመለስልዎታል። ካባ ሲያከራዩ የሚመለስልዎት ጉድጓድ ነው። ከላይ ያለው አፈር ተገፎ ለብቻው ይሸጣል፣ ያ አፈር ደግሞ በእርስዎ ዕድሜም በልጆችዎ ዕድሜም አይተካም። ሌላም አለ። መሬት በሀገራችን የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ እርስዎ የመጠቀም መብት አለዎት እንጂ ድንጋዩን የመሸጥ ሥልጣን የለዎትም። ደላላው ፈቃድ ሳይኖረው ካስቆፈረ ተጠያቂዎቹ እሱ ብቻ ላይሆን ይችላል። ይዞታዎንም አደጋ ላይ ይጥላሉ።

መንግሥት ቦታውን ለሕዝብ ጥቅም እፈልጋለሁ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ 1161 በቋሚነት ለሚነሳና ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን የአንድ ዓመት ገቢ በ15 አባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ እንዲከፈል ይላል፤ በላዩ ላይ ለቤትና ለዛፍ ለብቻው ይሰላል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም ተሻሽሏልና አሁን የሚሠራበትን ከጠበቃ ወይም ከፍትሕ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ደላላው «በአንዴ» ያለዎትን ገንዘብ ከዚህ ጋር ያነጻጽሩት። እስከዚያው ምን ያህል ኩንታል እንዳመረቱ በየዓመቱ ይጻፉ። ገቢዎን ማስረዳት ያለብዎት ቀን ሲመጣ የእርስዎ ደብተር ከቀበሌው ግምት ይበልጣል።

«ሁልጊዜ ልማት ላይ ታላግጣላችሁ። ቤት እየሠራሁ ነው፣ የጠጠር ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ካባ ሁሉ ይዘጋ ብላችሁ ብትጽፉ ቤቱን በአጋም ልሥራው?»

አናላግጥም፣ ቤቱም ይሠራ። ለመሠረት ባዞላ፣ ለኮንክሪት 02 ጠጠር የግድ ነው፣ ከየትም ይምጣ ድንጋይ ከመሬት ነው የሚወጣው። ርካሹን ድንጋይ ሌላ ሰው እየከፈለልህ እንደሆነ ግን እወቅ፤ ከላይ የጻፈችልን አስተማሪ አንዷ ናት። አቅራቢህን ከየትኛው ካባ እንደሚያመጣና ደረሰኝ እንዳለው ጠይቀው። የሚያፍር ከሆነ ሌላ አቅራቢ ፈልግ። ያፈረስከው አሮጌ ቤት ካለ ደግሞ ድንጋዩን አትጣለው፣ አብዛኛው ለአጥር መሠረት ይሆናል። የሰፈርህ ግንበኛ ይሳቅብህ፣ ሒሳቡን ስታሳየው ዝም ይላል።

«ከቤታችን ጀርባ የተተወ ካባ አለ። ክረምት ውሃ ይሞላል፣ ልጆች ይዋኙበታል፣ ባለፈው አንድ ልጅ ለጥቂት ተረፈ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።»

ባለቤቱ ይታወቃል፤ ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ስሙ አለ። የማዕድን አዋጁ ባለፈቃዱ ጉዳት የደረሰበትን አካባቢ መልሶ ለማስተካከል የሚውል ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድደዋል። መሥሪያ ቤቱን «ይህ ካባ ሲዘጋ የመልሶ ማቋቋሚያ ገንዘቡ የት ገባ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ጥያቄው አጭር ነው፣ ግን የሚያደናግጣቸው ብዙ አሉ።

መልሱን እየጠበቃችሁ ግን ልጅ አይጠብቅም። የካባ ውሃ እንደ ወንዝ ቀስ ብሎ አይጠልቅም፣ ከዳሩ አንድ እርምጃ ወዲያ ገደል ነው፣ ከታቹም የቀረ ብረትና ስለታም ድንጋይ አለ። ዋናተኛ የሆነ ልጅም አይወጣም፣ የሚጨብጠው ነገር የለማ። በእድሩ አዋጡና መግቢያውን በእሾህ እጠሩ፤ አጋምና ቀጋ ሳይከፈልበት የሚያጥር ነው። ጉድጓዱ ሞልቶ የሚፈስበትን ዝቅተኛ ጎን በአካፋ ከፍቶ ውሃውን ማስወጣት የሚቻል ከሆነ በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይበረታ ሥሩት፤ ከታች ወዳለው ሰው ማሳ እንዳይሄድ ግን መጀመሪያ አነጋግሩት።